ከሞተሩ ሥር የሚያንኳኳው

«አጥፋው! አጥፋው እንጂ!» መካኒኩ ራሳቸውን ከኮፈኖው ሥር አውጥተው እጃቸውን አወናጨፉ። መሪው ላይ የተቀመጠው የባለመኪናዋ ዋርሳ፣ የሟች ባሏ ወንድም፣ ቁልፉን መለሰ። አሮጌው የጭነት መኪና ተንዘፈዘፈና ጸጥ አለ፤ በእሷ ጆሮ ውስጥ ግን ኳ ኳ ማለቱን አልተወም።

«ቢየላ ነው፤» አለ ዋርሳዋ በመስኮቱ ብቅ ብሎ። «ከመጀመሪያውም ብያለሁ፣ ከውስጥ ነው። ፒስተን የሚገፋው ብረት ከላላ ደግሞ አለቀለት ማለት ነው።»

«አንተ ደግሞ፣ በሽተኛው ሳይመረመር ቀባሪ ትጠራለህ!»

ቃሉ ካመለጣቸው በኋላ መካኒኩ ወደ እሷ አየት አድርገው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። እሷ እንዳልሰማች ሆና መከላከያው ላይ የደረቀ ጭቃ በጥፍሯ ትፍቅ ነበር።

የቁርጥራጭ ብረት ገዢው ከሰዓት በኋላ ይመጣል ተብሏል። ድምፁ ከውስጥ ከሆነ ሞተሩን አውርዶ የማሠራት አቅም በቤቱ የለም። ባለቤቷ ካረፈ ወዲህ ሸክላ እያመላለሰ ቤቱን ያኖረው ይህ መኪና ተቆራርጦ ይሄዳል። እሺ ብላለች። የለመነችው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ከመሄዱ በፊት የቱ ጋ እንደሚያንኳኳ ልወቅ።

ለዚህ ነው መካኒኩ፣ ጋሽ ጆሮ፣ የተጠሩት። ሞተር አዳምጠው ሕመሙን በመናገር ያገኙት ስም ነው። የሞተር ጩኸት አንዱን ጆሯቸውን ከወሰደው ወዲህ ግን ስሙ ለሰፈሩ መሳቂያ ሆኗል፤ ቀድመው የሚስቁትም እሳቸው ናቸው።

«ነይ ልጄ፣ ዛሬ ጆሮዬ አንቺ ነሽ።» ረጅም ካቻቢቴ ሰጧት። «ጫፉን ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን እዚህ ከጆሮሽ ኋላ አጥንትሽ ላይ አድርጊ። ሻርፕሽን ሰብስቢው፣ ያ ማራገቢያ ሻርፕ ይወዳል።»

መከላከያው ላይ ወጥታ ቆመች። ሞተሩ ተነሳ። በብረቱ ውስጥ ያላሰበችው ዓለም ነበር፦ የሚያፏጭ፣ የሚንተከተክ፣ እንደ ልብስ ስፌት መኪና የሚቸኩል። ከሁሉም በላይ ደግሞ ኳ… ኳ… ኳ…

«አራት ክፍል አለው፤» ጮኹ መካኒኩ። «የእያንዳንዱን ነዳጅ በተራ እቆርጣለሁ። የትኛው ሲቆረጥ ድምፁ ከቀነሰ፣ ሌባው እዚያ ተደብቋል!»

የመጀመሪያውን ቱቦ ማሰሪያ በመፍቻ ላላ አደረጉት። ሞተሩ እንደሚያነክስ ሰው ተወላገደ።

«ቀነሰ?»

«አልቀነሰም!»

ሁለተኛውን ላላ አደረጉ። «አሁንስ?»

«ኧረ ባሰበት!»

«እንዴት ይብሳል?» ሦስተኛውንም አራተኛውንም ሞከሩ። የትኛውም ሲቆረጥ ሞተሩ ይበልጥ ይንገዳገዳል፤ በተንገዳገደ ቁጥር ማንኳኳቱም ይበረታል። መካኒኩ ግንባራቸውን በክንዳቸው ጠረጉ። «ይኼ ደግሞ ምን ዓይነት ሌባ ነው፣ ሲፈልጉት የሚጮህ?»

እሷ ወደ እግሯ አየች። ጆሮዋ ያልነገራትን እግሯ ነግሯት ነበር። ምቱ በጫማዋ ሥር፣ ከቆመችበት ብረት ነው የሚመጣው። ማንንም ሳታስፈቅድ የካቻቢቴውን ጫፍ ከሞተሩ አንስታ መኪናውን ከፊት እስከ ኋላ በተሸከመው ቻሲ ላይ ተከለችው። ኳ! ራሷን በድንጋጤ ሸሸት አደረገች።

«ጋሼ! ሞተሩ ውስጥ አይደለም፣ እዚህ ነው!»

ጋሽ ጆሮ ለአፍታ አፈጠጡባት። ከዚያ ካርቶን አንጥፈው መኪናው ሥር ገቡ። «ነዳጅ ስጠው!» አሉ ከሥር። ሞተሩ ዘሎ ተመለሰ። «ድገመው!» አሁንም ዘለለ። የእሳቸው ሳቅ ከሞተሩ ጩኸት በላይ ተሰማ። «አንተ ቀባሪ፣ ና ውረድ! ሞተሩ የሚቀመጥበት ጎማ አልቆ እኮ ነው! እየተነሳ ቻሲውን ይደበድባል እንጂ ውስጡ ደህና ነው!»

ዋርሳዋ ወረደ፤ ሞተሩን በጣውላና በክሪክ ቀስ ብለው አነሱት። መካኒኩ ሲጎረጉሩ ቆይተው አንድ ጥቁር ዝርግ ነገር ጎትተው አወጡ። «ዋናው ጎማ ድሮ ነው የጠፋው። አንዱ መላ ፈጣሪ ይኼን ሸጉጦበት ይኸው እስከ ዛሬ ሠርቷል።»

እሷ ተቀብላ በጨርቅ ጠረገችው። የጫማ ሶል ነው። ተረከዙ ላይ ግማሽ ክብ ሠርተው የተመቱ ሚስማሮች ከዘይቱ ሥር ብልጭ አሉ። ባሏ ተረከዙን በውጭ በኩል ስለሚጨርስ ለጫማ ሰፊው ነግራ ያስመታቻቸው እሷ ናት።

አንድ ምሽት ግራ እግሩ በካልሲ ብቻ ሆኖ ነበር የገባው። «ጫማህስ?» ስትለው «ውሻ ወሰደው» ብሎ እራት እስኪቀርብ ሳቀ። ከዚያም በኋላ ስንት ጊዜ ጠይቃዋለች። በመጨረሻዎቹ ቀናት፣ መናገር ሲያቅተው እንኳ፣ ልታስቀው ብላ ጠይቃው ነበር። በዓይኑ ብቻ ሳቀ።

«የማን ነው?» አለ ዋርሳዋ።

«ውሻ የወሰደው፤» አለች።

ሁለቱ ተያዩ። ከዚያ ዋርሳዋ ለብረት ገዢው ሊደውል ስልኩን አውጥቶ ራቅ አለ። «ወንድሜ፣ ይቅርታ፣ አትምጣ» ሲል ተሰማ።

«ትክክለኛው እስኪገኝ ሌላ ወፍራም ጎማ ብታመጪልኝ» አሉ መካኒኩ፣ «ዛሬውኑ ሸክላውን ይጭናል።»

ቤት ገባች። የቁም ሳጥኑ በር ሲከፈትና ሲዘጋ ተሰማ። ስትመለስ በእጇ አንድ የወንድ ጫማ ይዛለች፤ የቀኝ እግር። መካኒኩ ዘይት የነካ እጃቸውን ሱሪያቸው ላይ ጠርገው ተቀበሏት፣ ገለበጡት፣ ሚስማሮቹን አዩ። ቢላዋቸውን ወዲያው አላነሱም።

ጫማው ላይ አቧራ አልነበረበትም።