የትርንጎ ጎነ ሦስት

እኔ ሒሳብ ሳስተምር ዝንብ እንኳ ክንፏን ሰብስባ ታዳምጣለች። ያን ቀን ለጥያቄና መልስ ውድድሩ የቋመጠችውን ትርንጎን ወደ ሰሌዳው ጠራኋትና ሁለት ባለ ሠላሳ ሳንቲሜትር ማስመሪያ ከአንድ ሜትር የሸምበቆ ዱላዬ ጋር ሰጠኋት።

«በነዚህ ጎነ ሦስት ሥሪና በጎኖቹ ርዝመት ዓይነቱን ንገሪን። ካቃተሽ ውድድሩን እርሺው!»

ሚሊዮን ተማሪ ያስለቀሰ ወጥመዴ ነው፤ ማስመሪያዎቹ ጫፍ ለጫፍ ቢቀጠሉ እንኳ ዱላውን አያህሉም።

«ቲቸር፣ አይገጥምም እኮ።»

«በይ ተቀመጪ፣ የኛ ሊቅ!»

ክፍሉ ሳቀባት። እሷ ግን ዱላዬን በማስመሪያው ለክታ፣ ሠላሳው ላይ በጉልበቷ ቀጭ አድርጋ ሰበረችውና ሦስቱን ገጠመች።

«ሦስቱም ጎኑ እኩል ነው፣ ቲቸር።»

ጣሪያው እስኪነቀል ተጨበጨበላት። እኔም አጨበጨብኩ። ከዚያ የተረፈውን ሰባ ሳንቲሜትር ከመሬት አነሳሁ።

«እጅሽን ዘርጊ።»