ድምፁ እስኪገባ

ታረቀኝ ቆቦ ላይ፣ ከመናኸሪያው ፊት ለፊት ኮምፒውተር ይጠግናል። እጁ የገባ ዕቃ ሳይሠራ አይወጣም ይባልለታል። እሱም ይህን ስም ይወደዋል።

በሁለት ሺህ አንድ ዓ.ም.፣ ማሽላው በሚታጨድበት ሰሞን፣ መምህር ሰለሞን አዲስ ላፕቶፕ ታቅፎ ከሚያስተምርበት ከጎብዬ መጣ። ሰለሞን ከጎጃም ተመድቦ የመጣ ነው፤ ገና ዓመት አልሞላውም። ላፕቶፑን አዲስ አበባ ሲገዛው ባዶውን ነበር፤ ዊንዶውስ አልተጫነበትም።

«ለራሴስ ባልቸኮልኩ» አለ ሰለሞን። «የቸኮሉት አከራዬ እትዬ ራቢዓ ናቸው። ልጃቸው አሚና አዲስ አበባ ስፌት ትማራለች። ቅቤ አድርስልኝ ብለውኝ ትምህርት ቤቷ ድረስ ሄጄ ነበር። ዘበኛው አላስገባም ሲለኝ በሩ ላይ አስረክቤ ተመለስኩ። በማግስቱ ይህን ፍላሽ በዘበኛው እጅ ላከችላቸው። ቪዲዮ ነው።»

«አይደዋወሉም እንዴ?»

«ጠይቄያቸው ነበር። ‹በስልክ አይሆንልንም› አሉኝ። ኔትወርኩ አስቸግሯቸው ይሆናል።»

ታረቀኝ ፍላሹን ሱቁ ውስጥ ባለው ኮምፒውተር ላይ ሰካው። አሮጌው ማሽን ቪዲዮውን ገና ሲከፍተው ደርቆ ቀረ። እንግዲህ ያለው ተስፋ ላፕቶፑ ነው።

እጁ ላይ ያለው ሲዲ ደግሞ የድሮው ዊንዶውስ ኤክስፒ ብቻ ነው። አዲሱ ላፕቶፕ ኤክስፒን እንደ ባዳ አየው። መጀመሪያ ሃርድ ዲስክ የለኝም ብሎ ካደ። ታረቀኝ ቅንብሩን ቀይሮ፣ ተለማምጦ፣ እንደ ምንም ጫነው። ቀጥሎ የድራይቨር ጣጣ መጣ። ድራይቨር በዊንዶውሱና በዕቃው መካከል የሚቆም አስተርጓሚ ነው፤ እሱ ከሌለ አንዱ የሌላውን ቋንቋ አይሰማም። የስክሪኑን ከድሮ ሲዲዎቹ መሐል አገኘ። የድምፁ ግን የውሃ ሽታ ሆነ።

ቪዲዮውን ከፈቱት። ምስሉ ጥርት ብሎ ወጣ። ሻሽ ያሰረች ወጣት ካሜራው ፊት ተቀምጣለች። ፊቷ አንዴ ይፈካል፣ አንዴ ይኮሳተራል፤ እጆቿ ደረቷን ነክተው ወደ ላይ ይወጣሉ፣ ይወርዳሉ፣ ይጠላለፋሉ።

«አቤት ወሬ!» አለ ታረቀኝ እየሳቀ። «እጇ እንኳ አያርፍም።»

«እትዬ ራቢዓም ‹የአሚናዬ ጨዋታ አያልቅም› ነው የሚሉት» አለ ሰለሞን። ከዚያ አሰብ አድርጎ፣ «ለምን ምስሉን ብቻ ወስጄ አላሳያቸውም?» አለ።

ታረቀኝ ላፕቶፑን ወደ ራሱ ሳበው። «መምህር፣ እናት ናቸው እኮ! ልጅ ፊታቸው ሆና ስታወራ ድምጿን ካልሰሙ ማየቱ ቁስል ነው የሚሆንባቸው። ትንሽ ታገሠኝ።»

ሰለሞንም እውነት መሰለው። እትዬ ራቢዓ እንዳያዝኑ ብሎ ምስሉን ማየቱን ደበቃቸው። በጠየቁት ቁጥር «ማሽኑ ገና ነው» ይላቸዋል።

ታረቀኝ ኢንተርኔት ቤት ሄዶ ድራይቨሩን ማውረድ ጀመረ። ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው መስመሩ ተቋረጠ። እንደገና ጀመረ፤ መብራት ሄደ። በመጨረሻ ሲሳካለት ፋይሉ ለአዲሱ ዊንዶውስ እንጂ ለኤክስፒ የተሠራ አልነበረም። ዋጃ ላይ አንድ የሚያውቅ ሰው አለ ብለውት በሚኒባስ ሄደ፤ ሰውዬው የሰጠው ድራይቨር ላፕቶፑን በሰማያዊ ስክሪን ዘጋው። ኤክስፒውን ሀ ብሎ ጫነ። የድምፁ ድራይቨር የለም የምትለው ቢጫ የጥያቄ ምልክት ከቦታዋ ንቅንቅ አላለችም።

ሰለሞን በየቅዳሜው እየመጣ ይጠይቀዋል።

«ዛሬ ደግሞ ምን አሉ?»

«‹ሳይጨልምብኝ አድርሱልኝ› አሉ።»

«አይ አሮጊት! ሞትን ሲጠሩ መዋል ነው ሥራቸው» አለ ታረቀኝ። ቀለል አድርጎ ተናገረው እንጂ ሆዱ ባብቶ ነበር። ትቶ እንዳይመልሰው የእናት አደራ ሆነበት፤ እንዳይሠራው አቅም አጣ። አንዳንዴ ሌላ ሥራውን ትቶ የልጅቱን እጆች ዝም ብሎ ሲያይ ይውላል። ምን እያለች ይሆን ይላል።

ማሽላው ታጭዶ፣ ተወቅቶ፣ ጎተራ ከገባ በኋላ ነው የወልድያ ወዳጁ አንድ ሲዲ የላከለት። ታረቀኝ ተስፋ ቆርጦ ነበር፤ እንዲያው ለወጉ ከተተው። ላፕቶፑ ተዘግቶ ሲከፈት የኤክስፒ ዜማ ሱቁን ሞላው። ታረቀኝ ብቻውን አጨበጨበ። ቪዲዮውን እናትየው ሳይሰሙ አልሰማም ብሎ ለሰለሞን ደወለ። «እሳቸውን ራሳቸውን ይዘሃቸው ና!»

በማግስቱ ሰለሞን እትዬ ራቢዓን ክንዳቸውን ይዞ አስገባቸው። ጉልበታቸው ከአግዳሚው ጋር ተጋጨ። ሲቀመጡ ፊታቸውን ያዞሩት ወደ ግድግዳው ነበር።

«ዓይናቸው ሲደክም ከርሞ ሰሞኑን ጨርሶ ጠፋ» አለ ሰለሞን በሹክሹክታ። «እኔንም ደብቀውኝ ነበር።»

ታረቀኝ ክው አለ። ወዲያው ግን ልቡ መለስ አለለት። እንኳንም ድምፁን ጠበቅኩ አለ በሆዱ፤ ምስሉ ብቻ ቢሆን ኖሮ ምን ይጠቅማቸው ነበር?

«እናቴ፣ ይኸው ልጅዎ» ብሎ ከፈተው።

«አልሃምዱሊላህ» አሉ።

ዶሮ ጮኸ። ከሩቅ የመኪና ጥሩምባ ተሰማ። ቪዲዮውን የቀረጸው ይሆናል፣ አንድ ሰው ሳል ሳለ። የአሚና ድምፅ ግን የለም። እጆቿ ይሮጣሉ። ታረቀኝ ድምፁን እስከ መጨረሻው ከፈተው፤ ዶሮው ብቻ ይብስ ጮኸ። ገመዱን ነካካ፣ ቪዲዮውን ከመጀመሪያው አስነሳ። ያው ነው።

«ይቅር ይበሉኝ እናቴ» አለ። «ሁሉም ሠርቷል። የልጅቱ ድምፅ ብቻ እምቢ አለኝ።»

እትዬ ራቢዓ በዳበሳ ክንዱን ያዙት።

«የምን ድምፅ ነው ልጄ፣ አሚናዬ ከተወለደች ጀምሮ ዲዳ ናት፤ ይልቅ እጇ ምን እያለ እንደሆነ ንገረኝ።»