አንድ ከወጣ

ልጄ ምንተስኖት በበረሃው መንገድ ከተሰደደ ወዲህ ስልክ በጮኸ ቁጥር መርዶ ይመስለኛል። የገና ዕለት ከሰዓት ግን የተንኳኳው በር ነበር። ጓደኞቹ ኢዮስያስና ፌቨን ዳይስና በእጅ የተሳለ ካርታ ይዘው መጡ።

«ማዘር፣ የምንተስኖትን ጦረኛ ማን ይያዝልን? እርስዎ ይግቡ» አለ ኢዮስያስ።

ጨዋታው በሐሳብ ነው። ዘንዶ የመንደሩን የገና ደወል ሰርቆ ዋሻ ገብቷል፤ ልጄ ሁልጊዜ የሚሆነው ጦረኛ ሊያስመልስ ይሄዳል። ኢዮስያስ ይተርካል፣ ይዳኛልም። ሕጉን አውቀዋለሁ፤ ውጊያ ላይ ዳይሱ ተወርውሮ አንድ ቁጥር ከወጣ ጦረኛው ይሞታል። አምና ልጄ አንድ ወጥቶበት «እባክህ፣ በዓል ነው» ብሎ ቢለምነው ኢዮስያስ «ሕግ ሕግ ነው» ብሎ ጦረኛውን ገደለበት። እስከ ጥምቀት ተኳርፈው ነበር።

«ይወርውሩ እንጂ ማዘር፣ ዘንዶውን እንቅልፍ ሊወስደው ነው!» አለች ፌቨን።

ወረወርኩ። አንድ ወጣ።

«ሞተ» አልኩ።

«አልሞተም» አለ ኢዮስያስ ቶሎ ብሎ። «ቆስሎ ነው።»

«ሕግ ሕግ ነው ትል የለ?»

«በበዓል ሰው አይሞትም ማዘር። ለነገ እናቆየው።»

ፌቨን ካርታውን ማጠፍ ጀመረች። ቀና ብላ አላየችኝም።

ዳይሱን አንስቼ መዳፉ ላይ አስቀመጥኩለት።

«ነገ ንጋት ላይ ከእነማን ጋር ነው የምትመጡት?» አልኩት።