ሠላሳ ስድስተኛው ፎቶ

ባሏ ከሞተ ወዲህ የካሜራው ቀይ መብራት ገና ዛሬ መብራቱ ነበር። ካሜራው ያለ ባትሪ አያነሳም፤ ፍኖተ ሰላም ካለ ሰዓት አዳሽ የአዝራር ያህል ባትሪ ገዝታለት ነበር የመጣችው። ቁጥሩ ሠላሳ አምስት ላይ ቆሟል። በቀረችው አንዲት ፎቶ የባሏን እናት አንስታ ፊልሙን ለእጥበት ልትልክ ነው። ባሏ አገሩን ሁሉ ሲያነሳ የኖረ ሰው ነበርና የራሱ ምስል ያለው እዚሁ ፊልም ላይ ብቻ ነው፤ በመጨረሻው ሳምንት አልጋው ላይ እንዳለ እሷ ያነሳችው።

አማቷ ጥቁር ነጠላቸውን አስተካክለው ደጃፉ ላይ ካለው መደብ ተቀመጡ። «እንዳታስቂኝ አደራ። ልጇ ሞቶ ጥርሷን ታሳያለች ይሉኛል።»

«አላስቅዎትም፣ እማማ።»

«እሱ ነበር የሚያስቀኝ። ፎቶው ለተዝካሩ ይደርሳል?»

«ይደርሳል» አለችና ፊልሙን ለማሳለፍ የቀኙን ማንሻ በአውራ ጣቷ ሳበች። በግራ በኩል ያለው ትንሽ እጀታ ግን ንቅንቅ አላለም። ፊልሙን የከተተችው እሷ ነበረች፣ እሱ ከትራሱ ቀና ብሎ እያሳያት። «ስትስቢ የግራው እጀታ አብሮ መዞሩን እዪ፤ ካልዞረ ፊልሙ አልያዘም፣ የምታነሺው ባዶ ነው» ብሏት ነበር። ያን ቀን ዓይኗ ከፊቱ ላይ አልተነሳም።

«ምነው ቆየሽ፣ ልጄ?» አሉ አማቷ ሳይንቀሳቀሱ።

ካሜራውን ወደ ዓይኗ አስጠግታ ቁልፉን ተጫነችው። ቀጭ አለ።

«ወጣሁ?»

«አምሮብዎታል» አለች፣ ካሜራውን ከፊቷ ሳታወርድ።