የመሪው ብሎን

ወይዘሮ የሺመቤት ባለቤታቸው ገደል ገብተው የሞቱባትን አሮጌ ቮልስ ከሦስት ወር በኋላ አስጎትተው ወደ ጋራዡ አመጧት።

«ዘለቀ ከአንተ ሌላ መካኒክ አያምንም ነበር» አሉት። «የፈታውን ብሎን በወረቀት ጠቅልሎ የባለመኪናውን ስም የሚጽፍ ሰው ከየት ይገኛል ይለኝ ነበር። እንደ ድሮዋ አድርግልኝ፤ ልጄ ልትነዳት ነው።»

መካኒኩ ከስር ገባ። የመሪው ዘንግ መጋጠሚያው ላይ ተለያይቷል። ቀዳዳው ደህና ነው፤ የሚያስረው ብሎን ግን የለም።

«ሌላ ሰው ነክቷታል» አለ ተናዶ። «ይህን ያደረገ እጁ ይቆረጥ።»

«እኔ እንጃ» አሉ ሴትዮዋ።

የተረፉ ብሎኖች የሚያጠራቅምበትን ጣሳ ዘረገፈና አንድ በአንድ ሞከረ። አንዱ ወፈረ፣ አንዱ አጠረ። ከጣሳው ግርጌ በወረቀት የተጠቀለለ አንድ ብሎን ተጣብቆ ቀርቶ ነበር። ፈቶ ሲያስገባው ልክክ አለ። ወረቀቱን ሊጥል ሲል ጽሑፉን አየ። የራሱ የእጅ ጽሑፍ ነው፤ «አቶ ዘለቀ፣ የመሪ»።

«አገኘህ ወይ?» አሉት ወይዘሮ የሺመቤት።

«አዎ፣ እትዬ።»

ወረቀቱን ኪሱ ከተተና ብሎኑን እስከ መጨረሻው አጠበቀው።