የነቤዛዊት ጣሪያ

ቤዛዊት ሙዚቃውን ከፍ ስታደርገው ጓደኞቿ መንጫጫት ጀመሩ። አንጋፋው የሮክ ጊታሪስት ጋሽ ዳምጠው ከስንት ዓመት ዝምታ በኋላ አዲስ አልበም አውጥቷል!

"ጊታሩ የት ገባ? ቅንብሩ ዋጠው እኮ!" አለ ናሆም።

"ጆሮ የለህም እንዴ? ከሥር ያለውን ከበሮ ስማው!" አለች ሶልያና።

"ከበሮ አይደለም፣ የኛ ጣሪያ ነው!" ቤዛዊት ብድግ አለች። "ቆርቆሯችን ላይ የወረደ ዝናብ! ክረምት ላይ ራሱ መጥቶ ቀዳው።"

ቤቱ በጩኸት ተናጋ። በአዲሶቹ የመቅጃ መሣሪያዎች የተቀዳ ድምፅ ከነበረበት ቦታ ለዘላለም እንደሚጠፋ የማያውቅ የለም። ግን ለጋሽ ዳምጠው የቤትን ድምፅ መለገስ ቀላል ክብር ነው?

ይህን ጊዜ እናቷ ወይዘሮ ስንዱ "ዝናብ! በርበሬዬ!" እያሉ ከጓዳ ወጥተው ወደ ግቢ ሮጡ። ውጭ ፀሐይዋ ፍንትው ብላለች። ሁሉም በሳቅ ፍርስ አሉ።

"ዘፈኑ ነው እኮ፣ እማዬ!"

"ወይ እናንተ! ሁለተኛ አታታልሉኝም" ብለው ጓዳቸው ተመለሱ።

ዘፈኑን ደጋግመው ከፈቱት፤ ክርክሩም ደራ። በመጨረሻ ናሆም እጁን ሰጠ፦ "ይሄ ሰውዬ መቼም አያረጅም!"

ቤዛዊት በደስታ እየጨፈረች ነፋስ እንዲገባ በሩን ስትከፍት ዶፍ ዝናብ ፊቷን መታት። ሰሌን ላይ የተሰጣው የዓመት በርበሬ በቀይ ጎርፍ ተወስዶ በደጃፉ ይወርዳል። ቀና ብላ ቆርቆሮውን አየችው። ዝናቡ ይደበድበዋል፣ እሱ ግን ትንፍሽ አይልም።

ከጀርባዋ ዘፈኑ እንደገና ጀመረ። እናቷ ከጓዳ ሳቁ።

"አሁንስ ከመቀመጫዬ አልነሳም!"