ሞተሩ ይዞራል፣ አይነሳም

የክሪኩ ዘንግ ትከሻዬ ላይ ሲያርፍ የመኪና ብልሽት የማነብበት ስካነር ከእጄ ይወድቃል።

«አንብበሃል አይደል? አስነሳው!» ይላል ስጦታው።

ኮዱን አንብቤያለሁ። የሞተሩን ዙር የሚቆጥረው ሴንሰር ምልክቱ ኮምፒውተሩ ዘንድ አይደርስም። ሞተሩ ይዞራል፣ አይነሳም። ከኋላ ወንበር ላይ የሚኒባሱ ባለቤት ምናለ፣ የስጦታው ታናሽ ወንድም፣ ሆዱን ተወግቶ ተጋድሟል። ሚስቱ አየሁሽ በነጠላዋ ቁስሉን ተጭናለች፤ የነጠላው ነጭነት ጠፍቷል።

የወጉት ከከተማችን ወደ ሞጣ በሚያስወጣው መንገድ ላይ መኪናውን ሊቀሙት የመጡ ሁለት ሰዎች ናቸው። አልነሳላቸው ሲል ጥለውት ሮጡ። የሰፈሩ ሰው መኪናውን ከነምናለ እየገፋ ቢቸና መሃል፣ እኔ ጋራዥ ደጃፍ አደረሰው። አምቡላንሱ ምጥ የያዛት ሴት ጭኖ ወጥቷል። ሌሎቹ መኪኖች ሞጣ ገበያ ናቸው። ሮጦ የመጣው ሐኪም አንድ ነገር ብቻ ተናገረ፤ «በሁለት ሰዓት ውስጥ ደብረ ማርቆስ ሆስፒታል ገብቶ ቀዶ ሕክምና ካላገኘ አይተርፍም።»

«ሴንሰሩን ቀይረዋ፣ ቀለሙ!»

«ሴንሰሩ ደህና ነው፣ ጋሽ ስጦታው! ይተዉኝ ልሥራበት!»

ኮድ ያነበበ ሁሉ መካኒክ ነኝ የሚልበት ዘመን ነው። ማሽኑ ስሙን የጠራውን ዕቃ ይነቅላል፣ አዲስ ይተክላል፣ መኪናው እዚያው ይቆማል። እኔ በቴስተር ለክቻለሁ። ሴንሰሩ ይሠራል፤ ከእሱ የወጣው ሽቦ ግን ዳሽቦርዱ ውስጥ ገብቶ ይሞታል። አልተቃጠለም፣ አይጥም አልበላውም። ሰው ነው ያቋረጠው።

«ምናለ ሌባ መኪናውን እንዳያስነሳ ስውር ማጥፊያ አስገጥሟል?» እላለሁ።

አየሁሽ ቀና ትላለች። «አምና ደብረ ኤልያስ ወስዶ አስገጥሟል። የት እንደሆነ ለእኔም አልነገረኝም።»

ሌቦቹ ሲደርሱበት ሽቦውን ያቋረጠው ራሱ ነው። አልፈርድበትም። ስንቱን ሾፌር «ቦታውን ለሚስትህም እንዳትናገር» ብዬ የመከርኩ እኔ ነኝ።

«አዲስ ሽቦ ልዘርጋ ካልኩ ዳሽቦርዱ መውረድ አለበት። አንድ ሰዓት።»

«አንድ ሰዓት የለውም!» ዘንጉ እግሬ አጠገብ የሚኒባሱን በር ያጎደጉዳል።

«እንግዲያው ይጠይቁት! የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው!»

ስጦታው ዘንጉን እንደያዘ ወንድሙ ላይ ይጎነበሳል። «ምናለ! ማጥፊያው የት ነው?»

የምናለ ዓይኖች እንደተጨፈኑ ናቸው። በመዳፉ ጉንጩን ይመታዋል። አየሁሽ ትጮሃለች። ደግሞ ይመታዋል፤ ከንፈሩ ይሰነጠቃል።

ዓይኖቹ ይከፈታሉ። የሚያዩት ግን እኛን አይደለም። ብረት የያዘ ሰው ያያሉ፣ ፊቱ በግራሶ የጠቆረ ሌላ ሰው ያያሉ። ጆሮዬን ወደ አፉ አስጠጋለሁ።

«ግደሉኝ» ይላል። «መኪናዋን አትወስዷትም።»

«ምን አለ?» ይላል ስጦታው።

እነግረዋለሁ። ዘንጉ ከእጁ ወለሉ ላይ ይወድቃል። «እኔ ነኝ፣ ወንድምህ ነኝ እኮ!» ይላል። ምናለ ጥርሱን ይነክሳል። የስጦታው መዳፍ ይነሳና አየር ላይ ይቆማል።

አየሁሽ አሁን አትጮህም። በአንድ እጇ ነጠላውን እንደተጫነች፣ በሌላው የባሏን አገጭ ይዛ ፊቱን ወደ ስጦታው ታዞርለታለች።

«ቦታውን እስኪናገር ምቱት፣ ጋሼ» ትላለች።